ያገለገለ ፒካፕ የሚያሰማው የመፍጨት ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ለይቶ ማወቅ

ያገለገለ ፒካፕ ገዝቶ በሰሜን ሸዋ መንገድ የሚሠራ ሰው፣ ይዋል ይደር እንጂ፣ አንድ ቀን ከመኪናው ሥር ብረት ከብረት የሚፋጭ የሚመስል ድምፅ መስማቱ አይቀርም። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማበር በኩል ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ ፍሬን ይበላል፤ ወደ መንዝ የሚገነጠለው ደግሞ ኩሽኔታን (ዘንግና ጎማ ያለ ችግር እንዲዞሩ የሚያደርገውን ባለ ቀለበት መያዣ) እና ባሌስትራን (ጭነቱን የሚሸከመውን የተደራረበ ብረት) ይፈትናል። ድምፁ ሲጀምር ብዙ ሰው ወይ እስኪብስ ድረስ ዝም ብሎ ይነዳል፣ ወይ ደግሞ መጀመሪያ ያገኘው ጋራዥ ገብቶ «ይጮህብኛል» ይልና ቁልፉን አስረክቦ ይወጣል። ሁለቱም ገንዘብ ያስወጣሉ፤ የመጀመሪያው ነፍስም ሊያስከፍል ይችላል። እኔ የምመክረው አንድም ቡሎን ከመፈታቱ በፊት ድምፁ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚጠፋ አጥርቶ መለየትን ነው፤ ይህ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በአንድ ጠዋት ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው።

ይህንን የተማርኩት ከፍዬበት ነው። ያገለገለ ባለ ሁለት ጋቢና ናፍጣ ሃይሉክስ በገዛሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ ባቄላ ጭኜ በመንዝ ካለችው የመሐል ሜዳ ከተማ ስመለስ፣ ሞላሌን እንዳለፍኩ ከወለሉ ሥር የወፍጮ ድንጋይ የሚዞር የሚመስል ድምፅ ተሰማኝ። በማግስቱ የገባሁበት ጋራዥ መኪናውን ከግቢው በር እስከ ዋናው መንገድ ነድቶ «ካምቢዮ ነው» አለኝ። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ወረደ፣ ተፈታ፣ ሁለት ኩሽኔታ ተቀየረለት፣ ተመልሶ ታሰረ፤ አራት ቀን ፈጀ። ሂሳቤን ከፍዬ ወደ ቤት ስነዳ ያው ድምፅ አብሮኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የሄድኩባቸው በዕድሜ የገፉ መካኒክ መፍቻ አላነሱም። ከጎኔ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው «ልጄ፣ ቁም ስትለው ነው የሚያጓራው ወይስ ሂድ ስትለው?» ብለው ጠየቁኝ። «ሂድ ስለው ነው ጋሼ፤ ፍሬን ስይዝ ለውጥ የለውም» አልኳቸው። «እንግዲያው ፍሬኑን ለጊዜው ተወው። ቀስ እያልክ መሪውን ወዲያና ወዲህ በለው» አሉኝ። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ድምፁ ጎላ፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ጠፋ ለማለት ይቻላል። «የቀኝ የፊት እግር ነው» አሉ። ሁለት መቶ ሜትር እንኳ አልሄድንም ነበር።

የእርሳቸው ጥያቄ የሙሉው ምርመራ መሠረት ስለሆነ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የእርሱ ዝርዝር ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን መኪናው ለምርመራም ቢሆን መነዳት ይችል እንደሆነ መወሰን ያስፈልጋል።

መነዳት የሌለበት መኪና

ፍሬን በተረገጠ ቁጥር የሚፈጭ ከሆነ፣ ፔዳሉ ከወትሮው ዝቅ ብሎ የሚወርድ ወይም የሚለሰልስ ከሆነ፣ ከአንዱ ጎማ የማረር ሽታ ከወጣ፣ መሪው በራሱ ወደ አንድ ወገን ከጎተተ፣ ጎማው ሲንገዳገድ ከተሰማ፣ ወይም ማርሽ እየዘለለ የሚወጣ ከሆነ መኪናው ካለበት አይነሳ። ይህንን አጥብቄ የምናገረው ስለ ቁልቁለታችን ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረው የጣርማበር ዋሻ ያለበት ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖረው፣ ሸዋ ሮቢት ግን ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ጭነት የያዘ ፒካፕ ይህንን ሁሉ ቁልቁለት የሚወርደው በሞተሩ መያዝና በፍሬኑ ነው። ሸራው (ተጭኖ ጎማውን የሚያቆመው የፍሬን ክፍል) አልቆ ብረቱ ዲስኩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት) መፋቅ የጀመረ ፍሬን በከተማ ውስጥ መኪናውን ሊያቆም ስለሚችል ሰውን ያዘናጋል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ሙቀቱ እየተጠራቀመ ሄዶ የፍሬን ዘይቱን ሲያፈላው ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ፍሬን ሲያዝ የተሰማ መፋቅ ደብረ ብርሃን ላይ ይታያል እንጂ «ወርደን እናየዋለን» አይባልም።

የማያሰጋ ድምፅም አለ። በክረምት ዝናብ ሲወርድበት ያደረ፣ ወይም ታጥቦ የቆመ መኪና በጠዋት ሲነሳ ዲስኩና ታምቡሩ (የኋላውን ሸራ የሚሸፍነው ክብ ብረት) ላይ ስስ ዝገት ስለሚይዝ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ፍሬኖች ሲይዝ ይፍቃል፤ ዝገቱ ተፍቆ ሲያልቅ ድምፁ አብሮ ይጠፋል። ከአራት ወይም ከአምስት ፍሬን በኋላም ከቀጠለ ግን ዝገት አይደለም።

ሌላው ቀድሞ ሊታይ የሚገባው ቀላል ነገር የጎማ ዳዶ (ጎማውን አጥብቆ የሚይዘው ማሰሪያ) ነው። የላላ ዳዶ ያለው ጎማ ድምፁ ከኩሽኔታ ጋር የሚምታታ ሲሆን፣ መኪናውን ሳያነሱ በጎማ መፍቻ እያንዳንዱን ዳዶ ማጥበቅ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ጎሚስታ ጎማ ፈትቶ ካሰረ በኋላ ድምፅ ከጀመረ ከሌላው ሁሉ በፊት እዚህ ላይ ያተኩሩ።

መኪናው ቆሞ ሳለ

ምርመራው በሌሊት ቅዝቃዜ ያደረ ሞተር ላይ ቢጀመር ይመረጣል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ውርጭ የሚጥልባቸው ጠዋቶች ለዚህ የተመቹ ናቸው፤ ምክንያቱም ወፍራም የሆነው ቀዝቃዛ ዘይት ያረጀ ኩሽኔታንና የደከመ ሞተሪኖን (ሞተሩን የሚያስነሳውን) ወዲያው ያጋልጣል። ገና መኪናውን ያልገዙ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ሞተሩን ቀድሞ አሙቆ እንዳይጠብቅዎ ይንገሩት፤ ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅዎ ዳብሰው ሙቅ ሆኖ ካገኙት በሌላ ቀን በማለዳ ይመለሱ።

ቁልፉ ሲዞር ብቻ የሚሰማና ሞተሩ እንደተነሳ የሚጠፋ የመፍጨት ድምፅ ከሞተሪኖው ጥርስ ወይም ሞተሪኖው ከሚይዘው የቮላኖ (ከሞተሩ ጀርባ የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ጥርስ ነው። አንድ ቀን ፈጭቶ በሌላው ቀን በሰላም የሚነሳ ከሆነ የቮላኖው ጥርስ በአንድ በኩል ብቻ ተበልቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ሁልጊዜ በዚያ ቦታ ላይ አይቆምምና።

ሞተሩ ተነስቶ መኪናው እንደቆመ ድምፁ ካለ ማርሹን ዜሮ ላይ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ ከዚያም የፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያላቅቀውን) ፔዳል ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው ይርገጡና ይልቀቁ። ይህ ትንሽ እንቅስቃሴ ብዙ ነገር ይለያል። ፔዳሉ ሲረገጥ ድምፁ ከጠፋና ሲለቀቅ ከተመለሰ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ የሚቆመው ካምቢዮው ስለሆነ ጥፋቱ ከሞተሩ ኃይል በሚቀበለው የካምቢዮ ዘንግ ኩሽኔታ ላይ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። በተቃራኒው ፔዳሉ ሲረገጥ ከጀመረና ሲለቀቅ ከቆመ፣ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ አልቋል። ፔዳሉ ምንም ለውጥ ካላመጣና ነዳጅ ሲሰጥ ድምፁ አብሮ ከፍ ካለ፣ ወደ ሞተሩ ፊት ይሂዱ፤ ቺንጊያው (ከሞተሩ ፊት የሚዞረው ቀበቶ) የሚያዞራቸው ዲናሞና የውሃ ፓምፕ ኩሽኔታቸው ሲደርቅ ያጓራሉ።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት የረጅም ካቻቢቴን ጫፍ ሞተሩ እየሠራ ሳለ በዲናሞው አካል ላይ፣ ቀጥሎም በውሃ ፓምፑ ላይ አሳርፎ እጀታውን ከጆሮ አጠገብ አጥንት ላይ ማስጠጋት ነው። ጤነኛው ለስላሳ ንዝረት ብቻ ያስተላልፋል፤ የታመመው አሸዋ እንደሚያኝክ ሰው ይሰማል። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ረጅም እጅጌና የአንገት ልብስ ከቺንጊያውና ከፋኑ መራቅ አለባቸው፤ ለብርዱ ብሎ ጋቢ ደርቦ ኮፈን ውስጥ ማጎንበስ የሚያስከትለውን ማንም ሊገምተው ይችላል። ሌላው ዘዴ ቺንጊያውን አውጥቶ ሞተሩን ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ማስነሳት ነው፤ ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ ቺንጊያው ከሚያዞራቸው በአንዱ ላይ ነው። ቺንጊያ ሳይኖር ግን የውሃ ፓምፑ ስለማይዞር ሞተሩ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይቆይ፤ በብዙ የቆዩ የናፍጣ ሃይሉክሶች ላይ ደግሞ ለፍሬኑ አጋዥ የሚሆነውን አየር የሚስበው ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ የተገጠመ ስለሆነ ቺንጊያ የሌለውን መኪና ለአንድ እርምጃም ቢሆን አይንዱት።

መንገድ ላይ የሚደረገው ሙከራ

ቆሞ የማይጮህ፣ ሲሄድ ግን የሚጮህ ከሆነ ቀጥ ያለና ሜዳማ መንገድ ያስፈልጋል። ከደብረ ብርሃን ወደ ጫጫ ከተማ የሚወስደው መንገድ ተሽከርካሪ ሳይበዛበት በማለዳ ለዚህ ምቹ ነው። ሬዲዮው ይጠፋል፣ መስኮቱ ይከፈታል፣ ከጭነት ማስቀመጫው የላላ ነገር ሁሉ ይወርዳል፤ ክሪክና ትርፍ ጎማም ሳይታሰሩ ቀርተው ብዙ ሰው አሞኝተዋል። የሚጽፍ ሰው አብሮ ቢቀመጥ መልካም ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ሕግ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው፤ ፍጥነትም ማርሽም አብረው ከተለወጡ ድምፁ የተከተለው የትኛውን እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

መጀመሪያ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይንዱና ፍጥነቱ ሳይለወጥ ከአራተኛ ማርሽ ወደ ሦስተኛ ይቀንሱ። ሞተሩ በፍጥነት መዞር ሲጀምር ድምፁ አብሮ ከተለወጠ ምንጩ ሞተሩ ወይም ካምቢዮው ነው። ካልተለወጠ ድምፁ የሚከተለው የጎማውን መዞር ነው፤ ስለዚህ ከካምቢዮ በኋላ ያሉት ዘንግ፣ ክሮቸራ (የዘንጉ የመስቀል መገጣጠሚያ)፣ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው)፣ የጎማ ኩሽኔታና ፍሬን ይቀራሉ። ለማረጋገጥ ሜዳ ላይ፣ ከኋላ ማንም ሳይኖር፣ ማርሹን ዜሮ አድርገው መኪናው በራሱ እንዲንሸራተት ለጥቂት ሜትሮች ይተዉት። እየተንሸራተተም የሚያጓራ ከሆነ የእኔን ካምቢዮ በከንቱ ያስወረደው ዓይነት ስህተት አይሠራብዎትም። ይህ ሙከራ ቁልቁለት ላይ ፈጽሞ አይደረግም።

ቀጥሎ የፍሬኑ ሙከራ ነው። ፔዳሉን በስሱ ሲነኩት ድምፁ የሚጀምር፣ የሚብስ ወይም የሚጠፋ ከሆነ ፍሬኑ ውስጥ ይመልከቱ። ከፊት ወይስ ከኋላ እንደሆነ ለመለየት ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ እንደ ሰው እርምጃ ቀስ ብለው እየነዱ የእጅ ፍሬኑን በጥቂቱ ይሳቡ፤ በአብዛኞቹ ፒካፖች የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ሸራ ስለሆነ ያው ድምፅ ከወጣ ታምቡሩ ውስጥ ነው። ድምፁ ከየትኛው ጎን እንደሚወጣ ካልለየልዎት በረጅም የግንብ አጥር ጥግ ቀስ ብለው ይለፉ፤ ግንቡ ድምፁን በመስኮት መልሶ ስለሚያመጣው በመመለሻ ከሌላው ጎን ጋር ማነጻጸር ይቻላል።

ከአስፈሪዎቹ ድምፆች መካከል አንዱ ምክንያቱ በጣም ትንሽ ነው። ከዲስኩ ጀርባ አቧራ የሚከላከል ስስ ላሜራ አለ፤ በጠጠር መንገድ ከተነዳ በኋላ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጠር በላሜራውና በዲስኩ መካከል ከተቀረቀረች ጎማው የሚቆረጥ እስኪመስል ድረስ ትጮሃለች። ፍሬን ቢያዝም ባይያዝም አትለወጥም፤ በየጎማው ዙር ትደጋገማለች። ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሲነዱ አንዳንዴ ራሷ ትወድቃለች፤ ካልወደቀች ጎማው ወልቆ ላሜራው በእጅ ገፋ ሲደረግ ትወጣለች። ላሜራው ራሱ ታጥፎ ዲስኩን የሚነካበት ጊዜም አለና ሁለቱንም ይመልከቱ።

የጎማ ኩሽኔታ

በአካባቢያችን መንገድ ላይ በብዛት የሚያጋጥመውና በብዛት በሌላ ነገር የሚሳበበው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ያረጀ ኩሽኔታ ድንገት አይጮህም። በመጀመሪያ ጥርስ ያለው ጎማ አስፋልት ላይ ሲሄድ የሚያሰማውን ዓይነት ዝቅ ያለ ጉምጉምታ ያሰማል፤ ከፍጥነቱ ጋር እየጎላ ይሄዳል፤ ከሳምንታት በኋላ ወደ መፍጨት ይለወጣል። ጉምጉምታው ከጎማው ጥርስ መሆኑን ለመጠራጠር ምክንያት ካለ ድምፁ ከአስፋልት ወደ ጠጠር ሲገቡ ይለወጥ እንደሆነ ያዳምጡ፤ የጎማ ጥርስ ድምፅ በመንገዱ ገጽ ይለወጣል፣ የኩሽኔታ ግን ያው ነው።

የመሪው ሙከራ የሚሠራው ክብደት ስለሚዛወር ነው። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ በቀኝ ጎማዎች ላይ ይጫናል፤ ስለዚህ ወደ ግራ ሲታጠፍ የሚጎላ ድምፅ የቀኝ ነው፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የሚጎላ የግራ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ በሰፊ መንገድ ላይ ለስለስ ያለ ማዘንበል ይበቃል፤ መሪ በኃይል መስበር አያስፈልግም።

ከዚያ መኪናው በክሪክ ይነሳል። መሬቱ ጠንካራና ሜዳ ይሁን፣ የቀሩት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ድንጋይ ይደረግባቸው፣ ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አጽም) ሥር ደግሞ ካቫሌቶ (መኪናውን ደግፎ የሚያቆም የብረት እግር) ይግባ። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ማንም ሰው እጁንም ሆነ እግሩን አያስገባ። ጎማው ከመሬት ሲለቅ አንድ እጅ ከላይ ሌላውን ከታች ይዘው ይገፉና ይሳቡት፤ የሚንቀጠቀጥ ወይም «ቋ» የሚል ከሆነ ኩሽኔታው ላልቷል፤ ሆኖም ረዳትዎ ፍሬን ሲረግጥ መንቀጥቀጡ ከጠፋ ብቻ ነው የኩሽኔታ የሚሆነው፤ ካልጠፋ የእግሩ መገጣጠሚያ ነው። ግራና ቀኝ ይዘው ሲነቀንቁት ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ የመሪው ጫፍ ነው። ቀጥሎ አንድ እጅዎን በእግሩ ስፕሪንግ ወይም ባሌስትራ ላይ አሳርፈው በሌላው እጅ ጎማውን ያሽከርክሩ። ጆሮ የማይሰማውን ሻካራነት ጣት ይሰማዋል፤ ጤነኛ ጎማ ሲዞር ስፕሪንጉ ዝም ይላል፣ የታመመው ሲዞር ግን ጣትን ጉንዳን እንደወረረው ይነዝራል።

የእኔው ሲፈታ ያየሁትን እነግራችኋለሁ። የጎማው እምብርት ክዳን ሲከፈት ግራሶው ቢጫ ወይም ቡናማ መሆን ሲገባው ጠቁሮ፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ውሃ የገባበት ሊጥ መስሎ ነጣ ብሎ ነበር፤ በክረምት ወንዝ የተሻገርኩት ጎማው ገና ትኩስ ሳለ ስለነበር ውሃው ወደ ውስጥ ተስቦ ገብቷል። መካኒኩ ኩሽኔታውን በናፍጣ አጥበው በጨርቅ አደረቁትና ወደ ፀሐይ አዙረው አሳዩኝ። የሚያብረቀርቅ ለስላሳ መሆን የሚገባው የቀለበቱ ገጽ በአንድ ወገን ፈንጣጣ እንደያዘው ፊት ተቦርቡሮ፣ ከጎኑ ደግሞ በሙቀት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር መልክ ይዞ ነበር። «ጥፍርህን አስኪድበት» አሉኝ፤ ጥፍሬ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ያዝ ለቀቅ አደረገ። ጥፍር የሚይዝ ኩሽኔታ በግራሶ አይድንም። ፊት ለፊት የሚገጣጠሙት ሾጣጣ ኩሽኔታዎች የውስጡም የውጩም ቀለበት አብረው መቀየር አለባቸው፤ አዲሱን በአሮጌው ቀለበት ላይ ማስቀመጥ ጥቂት ወራት ብቻ ያቆያል። ኦይል ሲሉም (ግራሶ እንዳይወጣ፣ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለው ቀለበት) አብሮ ይቀየር፤ ዋጋው ከሥራው ሁሉ ትንሹ ሆኖ ሳለ ውሃውን ያስገባው እርሱ ነበር።

የኋላውን በተመለከተ የሃይሉክስ የኋላ ኩሽኔታ በሴሚያሱ (ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው በሚወጣው ዘንግ) ላይ በፕሬስ የሚገባ ስለሆነ መንገድ ዳር በመዶሻ የሚሠራ አይደለም። ታምቡሩ ሲወልቅ ውስጡ በዘይት ረጥቦ ከተገኘ የሴሚያሱ ኦይል ሲል አልፏል፤ ዘይት የጠጣ ሸራ በጨርቅ ቢጠረግም ስለማይመለስ አብሮ ይቀየራል። ታምቡር ውስጥ ያለውን አቧራ በአፍ እፍ ማለት ወይም በአየር መንፋት አይገባም፤ በድሮ ሸራዎች ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

ዘንግ፣ ዲፈረንሻልና ካምቢዮ

ክሮቸራ የሚያሰማው ብዙውን ጊዜ መፍጨት አይደለም፤ ሲነሱ ወይም ከፊት ወደ ኋላ ማርሽ ሲለወጥ «ቋ» ማለት፣ ቀስ ሲሉ ደግሞ እንደ ወፍ ሲጥ ሲጥ ማለት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማዎቹ ድንጋይ ተደርጎባቸው፣ ዘንጉን በእጅ ግራና ቀኝ ሲጠመዝዙት በመስቀሉ ላይ ክፍተት ከታየ ወይም ዙሪያው ቀይ የዝገት ዱቄት ከተገኘ ደርቋል። በረጃጅሞቹ ፒካፖች ላይ ዘንጉ ሁለት ሆኖ መካከሉን በጎማ የታቀፈ ኩሽኔታ ይይዘዋል፤ ከጋቢናው ወለል መሐል የሚመጣ ጉምጉምታ ካለ እርሱንም ማየት ተገቢ ነው።

ዲፈረንሻል ራሱን የሚገልጠው በነዳጅ ነው። በአንድ ፍጥነት እየነዱ ነዳጁን ረገጥ ሲያደርጉ አንድ ዓይነት፣ ሲለቁ ሌላ ዓይነት ድምፅ ከኋላ ከመጣ የዲፈረንሻሉ ጥርሶች ወይም ኩሽኔታዎች ናቸው፤ የጎማ ኩሽኔታ ስለ ነዳጅ ግድ የለውም። ከመፈታቱ በፊት ዘይቱን ማየት ያስፈልጋል። ከጎን ያለው መሙያ ቡሎን ተከፍቶ ጣት ሲገባ ዘይቱ እስከ ቀዳዳው አፍ መድረስ አለበት። ሲወርድ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀምና ማግኔት ይነከርበታል፤ በብዙዎቹ ላይ የታችኛው ቡሎን ራሱ ማግኔት አለው። እንደ ቅባት የሚለጠፍ ደቃቅ ግራጫ ዱቄት የዕድሜ ነው፣ አያስደነግጥም። በጣትና በጣት መካከል የሚቆረቁር ፍቅፋቂ ወይም የጥርስ ስባሪ ከተገኘ ግን መንዳት ይቁም። ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ ገብቶበታል።

ካምቢዮን በተመለከተ ከላይ የተጠቀሰው የፍሪሲዮን ሙከራ ዋናው ነው። አንድ ልጨምር፦ ባለ አምስት ማርሽ በሆኑት በእነዚህ ፒካፖች አራተኛ ማርሽ ኃይሉን በቀጥታ ስለሚያስተላልፍ፣ በሌሎቹ ማርሾች የሚያጓራና በአራተኛ ጸጥ የሚል ካምቢዮ የጎን ዘንጉ ኩሽኔታ አልቋል ማለት ነው፤ በአንድ ማርሽ ብቻ የሚፈጭ ደግሞ የዚያ ማርሽ ጥርስ ነው። ማርሽ ሲገባ ብቻ «ክርር» የሚል ከሆነ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም ወይም የማርሹ ማስማሚያ ቀለበት አልቋል፤ ይህ ፍሪሲዮኑን በማስተካከል ብቻ ሊድን ስለሚችል ካምቢዮ ለማስወረድ አይቸኩሉ። ባለ አራት እግሩን (በአራቱም ጎማ መሄድ የሚችለውን) ፒካፕ በደረቅ አስፋልት ላይ አራቱንም እግር አስገብቶ መንዳት ሲታጠፉ መንጠርና ማጓራት ያመጣል፤ ይህ ብልሽት ሳይሆን አነዳድ ነው፣ ማውጣት ይበቃል፤ ካልወጣ ግን የፊት ጎማዎቹን ከዘንጋቸው የሚያላቅቁት ነጻ ማድረጊያዎች ተጣብቀው እንደሆነ ይታይ።

ወደ ጋራዥ ሲሄዱ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለመካኒኩ የሚነገረው ቃል ይለወጣል። «ይጮህብኛል» ከማለት ይልቅ «ከ40 በላይ ይጀምራል፣ ዜሮ ላይ ሲንሸራተትም አለ፣ ፍሬን አይለውጠውም፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ይብሳል» ማለት ሦስት አራተኛውን ሥራ ይጨርሳል፤ ጥሩ መካኒክም ይህንን ሲሰማ ይደሰታል እንጂ አይከፋም። መካኒኩን አብሮዎት እንዲነዳ ይጠይቁት። ምንም ነገር ከመቀየሩ በፊት ተፈትቶ እንዲያዩት፣ ከተቀየረ በኋላም አሮጌው ዕቃ እንዲሰጥዎት በትሕትና ግን ቀድመው ይስማሙ። የመጀመሪያው ጋራዥ ያወጣቸውን ሁለት የካምቢዮ ኩሽኔታዎች ኋላ ጠይቄ ተቀብያቸው ነበር፤ ጥፍሬን ሳስኬድባቸው ምንም አልያዘም።

የጎማ ኩሽኔታ ወይም የፍሬን ሥራ ከተሠራ በኋላ የመጀመሪያው ጉዞ አጭርና ያለ ጭነት ይሁን። አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው፣ ያለ ብዙ ፍሬን ቀስ ብለው ያቁሙና የአራቱንም ጎማ እምብርት በእጅዎ ጀርባ በየተራ ይንኩ። አራቱም ለብ ካሉ ደህና ነው፤ አንዱ ብቻ እጅ የሚያሸሽ ከሆነ ኩሽኔታው ከልክ በላይ ጠብቋል ወይም ፍሬኑ ይዟል፣ በዚያው ቀን ይመለሱ። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ የጎማ ዳዶዎቹ እንደገና ይጠበቁ፤ ሾጣጣ ኩሽኔታ የተቀየረለት እግር ደግሞ በክሪክ ተነስቶ ከላይና ከታች አንድ ጊዜ ይነቅነቅ፤ አዲስ ቀለበት ቦታውን ሲይዝ ጥቂት ሊላላ ስለሚችል መካኒኩ የኩሽኔታውን ዳዶ መልሶ ያስተካክለዋል።